ከአንቴና የወጣች ባቡር

ሥራ የገባሁ ቀን ጋሼ በዛብህ አንድ ጆንያ የራዲዮ አንቴና መሬት ላይ ዘረገፉና «በይ፣ ነሐሱን ለይልኝ» አሉኝ። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ያብረቀርቃል። ነሐስ ቢጫ እንደሆነ ደግሞ የማያውቅ የለም። ቀና ብዬ ባያቸው ሻያቸውን ፉት እያሉ ይስቃሉ።

እኔ ምን አለሽ ተራ ያደግሁ ሰው ነኝ። እናቴ ከወሎ መጥታ እዚያ ቁርጥራጭ ብረት ትሸጥ ነበር፤ እኔም ባሌ ከሞተ በኋላ የእሷን ቦታ ይዤ ኖሬያለሁ። በጆንያ አንቴና የሚያሾፍብኝማ የለም! ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት ፈልቅቄ አወጣሁና አንድ በአንድ አስነካኋቸው። ብረቱ ይጣበቃል፣ ነሐሱ ዝም ይላል። ነጩ ቅብ ብቻ ነው። ጋሼ ሳቃቸውን ትተው «ነገ በጠዋት ነይ» አሉኝ። በዚያው ገባሁ፤ ደርግ እስኪወድቅም አልወጣሁም።

ሱቃችን ከመሳለሚያ ወረድ ብሎ ነበር። ለስሙ የላምባ ምድጃና የፋኖስ ጥገና ነው። ግን ቀጭን ቱቦ የፈለገ ሁሉ የሚመጣው እኛ ዘንድ ነው። የሕንፃ ማኬት፣ ትንሽዬ አምሳያ፣ የሚሠሩ ይመጣሉ፤ ለአብዮት በዓል ትንንሽ ፋብሪካ የሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶች ይመጣሉ። ከውጭ የሚገባ ቱቦ በዚያ ዘመን ከየት ይመጣል? ከተማው የጣለውን እንለቅም ነበር። የራዲዮ አንቴና፣ የጃንጥላ ዘንግ፣ ያለቀ እስክሪብቶ ቀፎ። አንቴና ወርቅ ነው፤ አንዱ በአንዱ ውስጥ ስለሚገባ ከአንድ አንቴና የተለያየ ውፍረት ያለው ቱቦ ይወጣል። ራዲዮው ሳይኖር ለብቻው የመጣ የመኪና አንቴና ግን አልገዛም፤ ከሰው መኪና ላይ የተነቀለ ነዋ!

አንድ ቀን አንድ ጓድ ከቆርቆሮ የተሠራ ትንሽ ፋብሪካ አሸክመው መጡ። የጭስ ማውጫው ይርዘም አሉ። አረዘምነው። አሁንም ይርዘም አሉ።

«ጓድ፣ ከዚህ በላይ ከረዘመ ፋብሪካው ይወድቃል» አሉ ጋሼ።

«የአብዮቱ ፋብሪካ አይወድቅም!» አሉ ሰውየው።

«ልክ ነው ጓድ፤ ተሳስቻለሁ» አሉ ጋሼ። አረዘሙትና እንዳይወድቅ ወለሉ ሥር ከባድ የእርሳስ ድብልብል አስቀመጡለት። ሰውየው ከሄዱ በኋላ ብረት የሚይዘው ሞርሳ ላይ ተደፍተን ሳቅን።

አቆራረጡን ያስተማሩኝ በሽሙጥ ነው። «መጋዝ አንሺልኝ! እንጨት አደረግሽው እንዴ?» ይሉኛል። ቀጭን ቱቦ በመጋዝ ከተገዘገዘ ይጨፈለቃል። ልኩ የሆነ የጃንጥላ ሽቦ ውስጡ ይከተትና ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ይቀመጣል። ምላጭ ከላይ ጣል ተደርጎ ቱቦው ይንከባለላል። ሳይቸኩሉ ካንከባለሉት ራሱ ይለቃል። ሲለቅ ግን አፉ ላይ ስለት የመሰለ ጠርዝ ይተዋል፤ እሱ በሞረድ ይነሣል። ጋሼ ይህንን የሚያነሡት ለሚታየው ቦታ ብቻ ነበር። «ማን ሊያየው? ሥራ ይጠብቃል» ይላሉ።

አቶ ዓለማየሁ የመጡት ሥራውን በደንብ ከያዝኩ በኋላ ነው። ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ ናቸው። በጎልማሳነታቸው የነዷትን የእንፋሎት ባቡር ከቆርቆሮ ሠርተው፣ በፎጣ ጠቅልለው ይዘዋት መጡ። ክንድ አትሞላም። ጎማዎቿ ይዞራሉ፣ በሯ ይከፈታል። የቀሯት ቱቦዎቿ ብቻ ናቸው፤ ሆዷ ሥር የሚጠማዘዙት የእንፋሎት መስመሮችና ነጂው ሲወጣ የሚይዘው እጀታ።

«ለልጅ ልጅ ነው ጌታው?» አልኳቸው።

«ለራሴ ነው ልጄ። ግራ ዓይኔ ጠፍቷል፤ ቀኙም እየተከተለው ነው። ሐኪሙ አይመለስም ብሎኛል። እውነተኛዋን ባቡር እንደሆነ አቅልጠዋታል። ይቺን ዓይኔ ሳለ ብጨርሳት፣ በኋላ በእጄ ስነካት ምኗ የት እንዳለ አልረሳም።»

ጋሼ ደግሞ ሲያዝኑ ይቆጣሉ። «ታዲያ እስካሁን የት ነበሩ!» ብለው ጮሁባቸው።

«ባቡር ስነዳ» አሉ አቶ ዓለማየሁ።

እጀታው ከአንቴናው ከመጨረሻዋ ቀጭን ዘንግ ወዲያው ተሠራ። የሆዷ መስመር ግን አስቸገረን። የአንቴና ነሐስ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ የሚታጠፍ መዳብ ያስፈልጋል። እንደዚያ ቀጭን መዳብ ያለው ፍሪጅ ጀርባ ነው። በዚያ ዘመን ፍሪጅ ያለው ሰው ደግሞ ያስጠግናል እንጂ አይጥልም። በየጠዋቱ ምን አለሽ ተራ እየሄድኩ ቆራሌዎቹን «የሞተ ፍሪጅ አላችሁ?» እላለሁ። «ዘይነባ፣ ዛሬም ለፍሪጅ ለቅሶ ልትደርሺ ነው?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ የማስበው የሰውየውን ዓይን ነው።

አቶ ዓለማየሁ «ተገኘ?» እያሉ ብቅ ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ምላጬ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብበውልኝ ነበር። በኋላ በሩን እየዳበሱ መግባት ጀመሩ። አንድ ጠዋት ገቡና «እንደምን አደሩ አቶ በዛብህ» ብለው ሚስማር ላይ ለተሰቀለው የጋሼ ካፖርት እጅ ነሡ። ጋሼ ከሞርሳው ጀርባ በእግር ጣታቸው እየተራመዱ ሄደው ካፖርቱ አጠገብ ቆሙና «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?» አሏቸው። ጋሼን ከዚያ ቀን በላይ ወድጃቸው አላውቅም።

በመጨረሻ ከአንድ ሆቴል የወጣ የተቃጠለ ፍሪጅ ተገኘ። መዳቡን እንደ አራስ ልጅ አቅፌ መጣሁ። እንዳይጨፈለቅ ሆኖ እንዲታጠፍ ውስጡ ሰም መሞላት አለበት። ሰም ፍለጋ ወደ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ ደጃፉ ላይ ጧፍ የሚሸጡ እማሆይ አሉ።

«አንቺ የሐጂ ሰፈር ልጅ፣ ጧፉን ምን ልታደርጊው ነው?» አሉኝ።

«ባቡር ላጣምምበት ነው እማሆይ።»

«ሆ! እስቲ ንገሪኝ» አሉ። የሰውየውን ነገር ነገርኳቸው። ሁለት ጧፍ መርቀው ጨመሩልኝ። «ወላሂ ለሰውየው እነግርልዎታለሁ» ብያቸው ሮጥኩ።

ሰሙን አቅልጠን የመዳቡን ጫፍ ነከርነው፤ ሰሙ ራሱ ወደ ውስጥ ተሳበ። ሲረጋ በፒንሳ አጣመምነው፣ አሞቅነው፣ ሰሙ ተንጠባጥቦ ወጣ። ጋሼ ቆረጡት፣ ቀልጦ በሚያጣብቀው ብረት፣ በእስታኞ፣ በየዱት። ለአቶ ዓለማየሁ ግን አልደረስንላቸውም። በዚያው ሰሞን ቀኙም ዓይናቸው ጠፋ።

ባቡሯን ሊረከቡ የመጡት በሴት ልጃቸው በሰናይት እጅ ተመርተው ነው። በርጩማ ላይ አስቀመጥናቸውና ባቡሯን ጭናቸው ላይ አኖርንላቸው። ጣታቸው ከጭስ ማውጫው ጀመረ። ወደ እጀታው ሄደ፣ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ። ፊታቸው ፈካ። ከዚያ እጃቸው ወደ ሆዷ ሥር ገባና በድንጋጤ ወጣ። አውራ ጣታቸው ይደማል።

ሥሩን ጋሼ አልሞረዱትም ነበር።

«አይዞዎት አቶ በዛብህ» አሉ አቶ ዓለማየሁ ጣታቸውን እየመጠጡ፤ «ድሮም ነካሽ ነበረች።»

«ማን ያየዋል ብዬ ነው» አሉ ጋሼ ቀስ ብለው። ባቡሯን ተቀበሏቸው፣ እስታኞውን አቅልጠው ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ነቀሉ። «ሻይ አምጪላቸው» አሉኝና ሞርሳው ፊት ተቀመጡ። ሻይ ይዤ ስመለስ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ይሞርዳሉ፣ በአውራ ጣታቸው አፉን ይዳብሳሉ፣ እንደገና ይሞርዳሉ። ውስጡን በመርፌ ይጠርጋሉ። ምድጃ ሊያስጠግን የመጣ ሰው «ጋሼ ተኙ እንዴ?» ቢለኝ «ቁጭ በል፣ ሥራ ላይ ናቸው» አልኩት። እኔም አንዷን ቱቦ አነሣሁና ዓይኔን ጨፈንኩ። ያኔ ነው ስንት ሸካራ እንዳለፈኝ ያወቅሁት።

መልሰን በየድናት። አቶ ዓለማየሁ እጃቸውን ሆዷ ሥር አስገቡ። ቱቦዎቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱባቸው፤ ተመልሰውም ሄዱባቸው።

«የነከሰችኝ የትኛዋ ነበረች?» አሉ።

«እኔም ጠፋችብኝ ጌታው» አሉ ጋሼ።

የአቶ ዓለማየሁ ጣት እጀታውን ይዞ ወደ ነጂው ክፍል ወጣ። እዚያ ብዙ ቆየ። ከዚያ ሰውየው ቀና ብለው በአፋቸው የባቡር ጡሩምባ ነፉ። ሰናይት ፊቷን አዞረች። እኔማ አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ!

ለዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው ይኸው ነው። ቱቦ ስትቆርጡ የሚታየውንም የማይታየውንም አፍ ሞርዱ። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በአውራ ጣት ዳብሱት። ጣት ከተያዘ ሥራው ገና ነው።