እትዬ ፐርሰንት

ተማሪዎቹ እትዬ ፐርሰንት ይሏታል። ፊት ለፊት ደፍሮ የጠራት የለም፤ ኮሪደር ላይ ሲንሾካሾኩ ግን ሰምታለች፣ ደስም አላላትም። ሃያ ሁለት ዓመት በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ስትደረድር የኖረች ሴት በስተርጅና በፐርሰንት መጠራቷ ያንገበግባታል። ካርዶቹ ምድር ቤት ከወረዱ ወዲህ የተሰጣት ሥራ አንድ ነው፤ የተማሪ ጽሑፍ ከሌላ የተቀዳ መሆን አለመሆኑን የሚያጣራውን ሶፍትዌር መጠበቅ። ተማሪው ፋይሉን ያስገባል፣ ሶፍትዌሩ እስከ ዛሬ ካከማቸው ጽሑፍ ሁሉ ጋር ያስተያየዋል፣ የተመሳሰለውን በፐርሰንት ያወጣል። ቁጥሩ ከሃያ አምስት ካለፈ ተማሪው ወየውለት።

ያለቀሰባት ብዙ ነው። የማለላትም፣ እናቱን ይዞ የመጣም አለ። ለሁሉም የምትመልሰው ያችኑ አንዷን ነበር፤ «ማሽኑ አይዋሽም።» መናገሩ ሲሰለቻት በትልልቅ ፊደል ጽፋ የመስኮቷ መስታወት ላይ ለጠፈችው። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ቀን ቀን ታክሲ የሚነዳ አንድ ጎልማሳ ተማሪ አላለቀሰም፣ አልማለም። ከዚያ ሳምንት ቀደም ብሎ «ፋይሌ አልገባ አለኝ፣ እስቲ ይሞክሩልኝ» ብሎ ፍላሹን ትቶላት የሄደ ሰው ነበር። ዘጠና አራት ፐርሰንት መውጣቱን ስትነግረው ወረቀቱን አነበበ፣ እሷንም አየት አደረገና «እሺ» ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ኮሌጁን አልረገጠም። የጥፋተኛ ዝምታ ነው ብላ ነበር ያን ጊዜ።

ዘንድሮ በምረቃ ሰሞን ግን ጨጓራዋን የላጠው ራሱ ማሽኑ ነው። ቅዳሜና እሁድ ካምፓኒው ሶፍትዌሩን አድሻለሁ ብሎ ነበር። ሰኞ ጠዋት ስትገባ ፋይል የሚባል ነገር አልቀበል አለ። ጭነቱ ዘጠና ዘጠኝ ድረስ ይሄድላትና እዚያ ላይ ክቧ ምልክት መሽከርከር ትጀምራለች፤ ሻይ ጠጥተው ቢመለሱም ያው ነው። አጥፍታ አበራች። ገመዱን ነቅላ ሰካች። ኮምፒውተር ቀየረች። ለካምፓኒው ስትጽፍ «ጥያቄዎ ደርሶናል፤ እባክዎ ኮምፒውተርዎን አጥፍተው ያብሩት» የሚል መልስ መጣላት። አምስቴ አጥፍታ አብርታ የጻፈችላቸውን ሴት! ደሟ ፈላ።

ሰኞ መስኮቷ ላይ ከተኮለኮሉት ተማሪዎች አንዷ ነርስ ነበረች። ቀን ሆስፒታል ስትሠራ ማታ ስትማር ስድስት ዓመት የፈጀች፣ ሁለት ልጆችም በመሃል የወለደች ሴት ናት። የቀራት ይህ የመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ የተመራቂዎች ዝርዝር ደግሞ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ተረኛ ስለነበረች ፍላሹን ትታላት በረረች። ረቡዕ ሶፍትዌሩ በራሱ ጊዜ ነፍስ ዘራ፤ ነርሷም ከሥራ ቦታዋ ሆና ጽሑፏን በገዛ ስሟ አስገባች። የወጣው ቁጥር ዘጠና ሰባት ነበር።

ሐሙስ ጠዋት የነርሷ መምህር ሪፖርቱን አትሞ መጣ። ነገር ከያዘ የማይለቅ ሰው ነው። ጉዳዩን ለዲሲፕሊን ኮሚቴ እንዳቀረበው፣ ኮሚቴው ዓርብ ጠዋት እንደሚቀመጥ፣ ነርሷ ጥፋተኛ ከተባለች የሁለት ዓመት እገዳ እንደሚጠብቃት ነግሯት ሄደ። እሱ ሲወጣ ነርሷ ገባች፤ ነጭ ጋውኗን እንኳ አላወለቀችም።

«እትዬ፣ ዓይኔን ያጥፋው፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች። «እያንዳንዷን ገጽ።»

እትዬ ፐርሰንት የለመደችውን ልትመልስላት ብላ ተወችው። ማሽኑ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያሾፍባት ከርሞ አይዋሽም ብላ በምን አፏ ትናገርለት? «ሂጂ፣ አየዋለሁ» አለቻት፤ ወዲያውኑም ማሽኑ ተበላሽቷል ብላ ደመደመች።

የተከተለው ሰዓት ሁሉ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነ። የሦስት ሌሎች ተማሪዎችን ጽሑፍ መርምራ ቁጥራቸው ትክክል ሆኖ አገኘችው። የነርሷን ደግማ አስመረመረች፤ ዘጠና ሰባት። ሪፖርቱ ምንጩን የሚገልጸው «በዚሁ ኮሌጅ የገባ ጽሑፍ» ብሎ ብቻ ነው፤ ዝርዝሩ ተቆልፏል። ለማየት ጽሑፉ ያለበትን ክፍል ከሚመራው መምህር ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የፈቃድ መጠየቂያውን ተጫነችና ጠበቀች። አምስት ሰዓት ሆነ፣ ስድስት ሆነ፣ መልስ የለም። ማንነቱን የማታውቀውን መምህር ትረግመው ጀመር። የሰው ሕይወት እዚህ ተንጠልጥሎ ደብዳቤውን የማይከፍት ምን ዓይነት ሰነፍ ነው? ደመወዝ ሲሆን ግን ማንም አይቀድመው!

ምሳ ሰዓት ላይ ቤቷ ስትገባ ለታላቅ እህቷ ዘረገፈችላት። ታላቅየዋ ዕድሜዋን በልብስ ስፌት የጨረሰች ናት፤ ሳታቋርጣት ከሰማች በኋላ ጠባሳ ያለበትን ሌባ ጣቷን አሳየቻት።

«የኔም ማሽን ዋሽቶኝ አያውቅም» አለች። «ጣቴን የሰፋው ግን ጣቴን ስላስገባሁለት ነው።»

ተቀየመቻት። ምግቡን በቅጡ ሳትጨርስ ተነስታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ያንን ሰነፍ መምህር በስልክ ልትሞግተው ቆርጣ ነበር፤ ስልኩን ፍለጋ የሶፍትዌሩ አስተዳዳሪ ሆና የያዘችውን የመልእክት ሳጥን ከፈተች። ጠዋት አልከፈተችውም፤ ሳምንቱን ሙሉ የተማሪ አቤቱታ ሲጎርፍበት የከረመ ሳጥን ነው። ከአርባ አቤቱታ መሃል አንዱ የተለየ ነበር፤ «በእርስዎ ክፍል ያለ ጽሑፍ ለማየት ፈቃድ ተጠይቀዋል።» የጠየቀው ማን ነው? እሷ። የተጠየቀውስ? እሷው። የክፍሉ ስም «ሙከራ»።

ክው አለች። ሰኞ ዕለት ማሽኑ ፋይል ይቀበል እንደሆነ ለማየት እጇ ላይ የነበረውን የነርሷን ፍላሽ ሰክታ ያንኑ ጽሑፍ ለራሷ በከፈተችው የሙከራ ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ አስገብታለች። ዘጠና ዘጠኝ ላይ ሲቆምባት ተስፋ ቆርጣ ተወችው፤ እሱ ግን ዘግይቶ ገብቶላታል። ሙከራ እንዳይከማች ክፍሉን ስትከፍት «ጽሑፉን አስቀምጥ» የሚለውን ምልክት ድሮ አጥፍታው ነበር። ሄዳ ስታየው በርቷል። ካምፓኒው ማንም በማያነበው የእድሳት ማስታወቂያ ግርጌ «በእድሳት ጊዜ የተቀየሩ ምርጫዎች ወደ መጀመሪያ ሁኔታቸው ይመለሳሉ» ብሎ ጽፏል። ማሽኑ አልዋሸም። የነርሷን ጽሑፍ ከነርሷ ጽሑፍ ጋር አስተያይቶ አንድ ነው አለ እንጂ ምን በወጣው።

ሄዳ ስትነግረው የኮሌጁ ዲን እፎይ አለ። ወጣት ነው፣ አክብሮ ነው የሚያናግራት። የካምፓኒው ቴክኒክ ችግር ነው ብለው ሁለት መስመር ይጻፉ፣ ነርሷም ትድናለች፣ እርስዎም አይነኩም አላት። ደግነት እንደሆነ ገብቷታል። አመስግናም ልትቀበለው ትንሽ ነው የቀራት።

«የአብዬን ወደ እምዬ አላደርግም» አለችው። «ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

እንደዚያው ጻፈች፣ ከሥሩም ሙሉ ስሟን አስፍራ ፈረመች። ዓርብ ጠዋት ኮሚቴው አምስት ደቂቃም አልፈጀበት። የነርሷ ስም ከዝርዝሩ ገባ። እትዬ ፐርሰንት ደጅ ቆማ ትጠብቃት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ምስጋና ቢጤም ሳትጠብቅ አልቀረችም።

ነርሷ ስትወጣ ፊቷ አልተፈታም።

«ሁለት ቀን ሙሉ ሌባ ሆኜ ዋልኩ፣ እትዬ» አለቻት። «የምሠራበት ዋርድ ሁሉ ሰምቷል። ትልቋ ልጄ እውነት ሰርቀሽ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።» ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «እኔስ ጊዜ ደረሰልኝ። ከእኔ በፊት ስንቱን ነው ማሽኑ አይዋሽም ያሉት?»

ተረኛ ነበረች፣ ሄደች።

እትዬ ፐርሰንት ተናደደች። ማንም የማይፈርመውን ፈርማ ይህ ነው ወሮታዋ? እየተነጫነጨች ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ንዴቱ ግን ብዙ አልቆየላትም፤ ያ ፍላሽ ትቶላት የሄደው ሹፌር ትዝ አላት። ያኔም እድሳት ነበር። ያኔም ፋይሉን ሞክራለታለች። የዛሬ ሁለት ዓመቱን ሪፖርት አወጣች። ዘጠና አራት ፐርሰንት፤ በዚሁ ኮሌጅ የገባ ጽሑፍ፤ ተቆልፏል። የፈቃድ መጠየቂያውን ተጫነችና ዓይኗን ጨፈነች። ጥያቄው የሌላ የማንም ሰነፍ መምህር ሳጥን ውስጥ እንዲገባ ለመነች።

ወዲያው የራሷ ሳጥን ጮኸ።

 ተነስታ የሹፌሩን የድሮ የምዝገባ ቅጽ ፈለገች፣ ከላዩ ላይ ወዳለው ስልክ ደወለች። አይነሳም ብላ ነበር፤ በሁለተኛው ጥሪ ተነሳ። ከኋላው የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። ተሳፋሪ መስሎታል መሰል፣ የት ልምጣ አላት። እኔ ነኝ ስትለው ማን እንደሆነች ጠየቃት።

ስሟን ልትነግረው አለችና ተወችው። በዚያ ስም አያውቃትም።

«እትዬ ፐርሰንት ነኝ» አለችው።