ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ

ለእህቴ ደላላ ማለት ፊት ያለው ሰው ነው። ጁባ፣ ሃይ ማላካል ሰፈር ያለውን ምግብ ቤታችንን ያገናኘን ደላላ ሊያታልለን ሲሞክር፣ ኮሌታውን ይዛ የተቀበለውን አስመልሳዋለች። ስለዚህ የጄኔሬተሩን ገንዘብ ደላላ በላብኝ ስላት ሽርጧን ፈታችና "የት ነው የሚገኘው?" አለችኝ።

"ኢንተርኔት ላይ።"

"ኢንተርኔት ላይ የት?"

ያን ያህል ባልፈራ ኖሮ እዚያው እስቅ ነበር፤ የምትሄድበት አድራሻ ቢኖር በቦዳቦዳ፣ በሞተር ታክሲ፣ ትደርስ እንደነበር አውቃለሁ።

እትዬ በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። ጁባ የመጣነው አብረን ነው፤ ምግብ ቤቱም እኩል የሁለታችን ነው። እሷ ወጥ ቤቱን ትይዛለች፣ እኔ ግዢውንና ገንዘቡን። ጄኔሬተራችን አርጅቶ በየምሳ ሰዓቱ ሲጠፋብን፣ አዲስ ለመግዛት ለወራት ዶላር አጠራቀምን። የማስቀምጠው እኔ ነበርኩ። እኔም አስቀመጥኩት፣ ወርቅ ላይ። ስልኬ ላይ ወርቅ የሚገዛበትና የሚሸጥበት የአንድ ደላላ ድርጅት አፕ ነበር፤ ወርቁን ማንም አያየውም፣ ዋጋው ከፍ ዝቅ ሲል ነው የሚተረፍበት ወይም የሚከሰርበት። መጀመሪያ ላይ አተረፍኩ። ያኔ ማቆም ነበረብኝ። ይህን ግን የሚያውቅ የከሰረ ሰው ብቻ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዋጋው ቁልቁል ሲወርድ ሽጬ ለመውጣት "ዝጋ" የሚለውን ተጫንኩ። አልዘጋም። ደግሜ ተጫንኩ፣ በአውራ ጣቴ፣ በሌባ ጣቴ፣ ስልኩንም ሰደብኩት። አፑ ደርቋል። ኔትወርኬ ምንም አልሆነም፤ በዚያው ስልክ ከሥጋ ሻጩ ጋር እየተጻጻፍኩ ነበር። ቀና ብዬ የግድግዳውን ሰዓት አየሁና ሦስት ሰዓት ከሃያ ብዬ የሥጋ ማዘዣው ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፍኩ። አፑ ሲመለስ ግብይቱ በራሱ ተዘግቷል፣ ገንዘቡ የለም።

እትዬ ስትጮህ ይወጣላታል። ያን ቀን ግን አልጮኸችም። "ላም አለኝ በሰማይ ብለሽ ነው የጄኔሬተሬን ገንዘብ የሰጠሻቸው?" አለች በቀስታ። "እስከ ፋሲካ ካልተመለሰ ድርሻችንን እንካፈልና አንቺም በራስሽ፣ እኔም በራሴ።" እንዲህ ብላ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ያለ እሷ ጁባ ውስጥ አንድ ቀን ኖሬ አላውቅም።

የዚያኑ ዕለት ለደላላው ቅሬታ ጻፍኩ። በእንግሊዝኛዬ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ አፓችሁ ደርቆ ገንዘቤን አስበላኝ ብዬ። በአራተኛው ቀን ትሕትና የተሞላ መልስ መጣ፦ በተጠቀሰው ሰዓት አካውንትዎ ጭራሽ አልተከፈተም፣ ስለዚህ ቅሬታዎ ተዘግቷል።

"ተኝተሽ ነበር እያሉኝ ነው!" አልኳት ለእትዬ።

"ታዲያ ካልተከፈተ ገንዘቡ በየት ወጣ? በመስኮት?"

ያን ቀን እንዳማስል የሰጠችኝን የምስር ወጥ አሳረርኩ። ደንበኞች እያጉረመረሙ በሉት።

ያዳነን አንድ ወጣት ልጅ፣ የቁርስ ደንበኛችን ነው። ደቡብ ሱዳናዊ ነው፤ ከስደተኞች ጣቢያ ተነስቶ ትምህርቱን አዲስ አበባ የጨረሰ፣ አሁን ጀበል ሰፈር አንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ። አማርኛው ከእኔ ይሻላል፤ ተረት ስተርት እንኳ ያርመኛል። ደብዳቤውን አሳየሁት። ፍርፍሩን እያላመጠ አነበበና ማላመጡን አቆመ።

"እህቴ፣ ይቺ ሦስት ሰዓት የማን ናት?"

"እንዴት የማን? የጠዋት ናት።"

"ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ ለነሱ ጠዋት አይደለችም። በነሱ አቆጣጠር ይሄ ሌሊት ነው። ዶሮ እንኳን አልተነሳም።"

ስንት ዓመት ለድርጅት ሠራተኞች ደረሰኝ ስጽፍ በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ አንዴም ተሳስቼ አላውቅም። ስናደድ ግን በአማርኛ ነው የምናደደው፣ ሰዓቱም አብሮኝ ይናደዳል።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ብለን ጻፍን። ሁለት ቀን አልቆየም፣ መልሱ መጣ፦ በተጠቀሰው ሰዓት ግብይትዎ ከተዘጋ አንድ ሰዓት ሊሞላው ነበር። አሁን ልጁ ራሱ ተናደደ። ስልኩን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ እንደገና ስልኩን አየ።

"እትዬ፣ ይሄ ሰዓት ልክ ነው?"

እትዬ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። "ከሁሉም ሰዓት ልኩ እሱ ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ጥቂት ዓመት የጁባ ሰዓት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለስ ከተማው ሁሉ ሰዓቱን አዞረ። እትዬ ብቻ የግድግዳችንን አላስነካችም። "የምጾመው በአዲስ አበባ ሰዓት ነው፤ ሲያዞሩ ማን አማከረኝ?" ብላ። እኔም ለምጄው ረስቼው ነበር።

"ኸላስ፣ በቃ" አለ ልጁ። "ስምንት ከሃያ ነው። እህቴ ስድስት ሰዓት ሰረቀች፣ እትዬ አንድ።"

ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ፤ ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እትዬ ፊቷን ወደ ድስቱ አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ከማክሰኞዋ ወዲህ ስትስቅ ማየቴ የመጀመሪያዬ ነበርና ሳቁ ወደ እንባ ሄደብኝ፤ ልቤ ቅልል አለ፤ ገንዘቡ የተመለሰ መሰለኝ። ሦስተኛው ደብዳቤ ላይ ልጁ አገራችን ቀኑን ከንጋት እንደሚቆጥር፣ የግድግዳችንም ሰዓት የሌላ አገር እንደሆነ አብራርቶ ጻፈ። እትዬ ከላይ ቆማ "መጀመሪያ ጤናቸውን ጠይቅ፤ ሰው እንዲሁ ዘሎ ክስ ውስጥ አይገባም" አለችው። ጠየቀላት።

መልሱ የደረሰኝ ካስተም የሚባለው ገበያ፣ ከኡጋንዳ ከመጣ የጭነት መኪና ላይ ሽንኩርት ስገዛ ነው። የመጀመሪያው መስመር ላይ ጤንነታችንን ጠይቀው አመሰገኑ። ሁለተኛው ላይ፣ በጁባ ሰዓት ስምንት ከሃያ ላይ ሲስተማቸው ለአሥራ አንድ ደቂቃ ወድቆ እንደነበር አመኑ። ሦስተኛውን አላነበብኩትም። የሽንኩርት ነጋዴዋን ሁለት እጅ ይዤ ዘለልኩ። የጠራችውን ዋጋ ሳልከራከር ከፈልኳት። ግራ ገብቷት "ኢታ መጅኑን?" አለችኝ፣ አብደሻል ወይ ማለቷ ነው። አዎ አልኳት። ቦዳቦዳ ላይ ዘልዬ ወጣሁና እስከ ሃይ ማላካል ድረስ በነጂው ጆሮ ስዘፍን ሄድኩ፤ ፍጥነት የጨመረው ቶሎ ሊገላገለኝ ይመስለኛል። ቤት ስደርስ ነው የከፈልኩበትን ሽንኩርት እዚያው መተዌ የታወቀኝ።

እትዬ ግን እንግሊዝኛ አታነብም። "ሙሉውን አንብቢልኝ" ብላ ተቀመጠች። ገበያ ላይ ያላነበብኩት ሦስተኛው መስመር ላይ ግን ከዚያ በፊት ያሉት ስድስት ኪሳራዎች በደንበኛዋ በራሷ እጅ የተዘጉ እንደሆኑ ተጽፏል። ዘልዬ ባልፈው አታውቅም ነበር። አነበብኩላት።

"በራሷ እጅ ማለት?"

"እኔ ማለት ነው። ከሦስት እጅ ሁለቱን ይመልሳሉ። አንዱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

"ትንሽ ጄኔሬተር እንገዛለን" አለች፣ ለራሷ የምትነግር ይመስል። "አብረን ሄደን መርጠን።"

ከደብዳቤው ግርጌ ሁለት ምርጫ ነበር። የመጀመሪያው ገንዘቡ በጥሬው ይላክልዎ ይላል። ሁለተኛው ገንዘቡ ግማሽ ታክሎበት አካውንትዎ ውስጥ ይግባና መገበያየትዎን ይቀጥሉ ይላል። ግማሹ ሲታከልበት ልክ ያጎደልኩት ይሞላል። በአንድ ቅጽበት አሰላሁት፤ ትልቁ ጄኔሬተር ታየኝ፤ በዚያ ሁሉ ደስታ ውስጥ ጣቴ ሁለተኛው ላይ ሊያርፍ አንድ ስንዝር ቀረው። ስልኩን ለእትዬ ሰጠኋት።

"ላይኛውን ተጫኚ። አሁኑኑ፣ የታችኛውን ሳልነግርሽ።"

ተጫነችው። "ታችኛው ምን ነበር?"

ነገርኳት። እትዬ አልተቆጣችም፤ ስልኩን ሽርጧ ኪስ ከትታ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ገንዘቡ እስኪደርስ ሁለት ሳምንት ስልኬ እሷ ጋ ሰነበተ። አንድ ቀን ለሥጋ ሻጩ ልደውል ብዬ ጠየቅኳት። ራሷ ደወለችለት።