ወላጅ አምጣ ሲባል የላክሁት ሰውዬ

ይህን ጉድ እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ለማንም ተንፍሼው አላውቅም። ለእህቴ አልነገርኩም፣ ለጎረቤት አልነገርኩም፣ ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴ በጾም የባሮን ዓሣ መብላቴን እናዘዛለሁ፤ በየዓመቱ እናዘዛለሁ፣ እሳቸውም በየዓመቱ ስግደት ያዙኛል። ይህቺን ግን አፌ ላይ ስትደርስ እየዋጥኳት እዚህ ደርሻለሁ። እንግዲህ ለእናንተ ላውጣት፤ ፍርዱን እናንተ ታውቃላችሁ።

እኔ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ጸጉሬ እስኪሸብት ያስተማርኩ ሴት ነኝ። ስሜ አስካለ ነው፤ ግን ስሜን የሚጠራ የለም፣ ለሁሉም «ቲቸር» ነኝ። ለብዙ ዓመት ዩኒት ሊደር ነበርኩ። አርፋጅ የሚያንበረክክ፣ አጥር ዘላይ የሚለቅም፣ በመጨረሻም «ወላጅ አምጣ!» የሚል ሰው ማለት ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ወላጆችን አሠለጥናለሁ። አስካለ አሠልጣኝ ሆነች ሲባል የሰፈሩ ልጆች የኳስ መስሏቸው «ቲቸር፣ እኔ በረኛ ነኝ» እያሉ መጥተው ነበር። አይ፣ የእኔ ቡድን እናትና አባት ነው። በየቅዳሜው አዳራሽ ሰብስቤ ልጅን እንዴት እንደሚያዳምጡ፣ እንዴት እንደሚቆጡ፣ ትምህርት ቤት ሲጠሩ እንዴት ከች ማለት እንዳለባቸው አስረዳለሁ። የምታወቅበት አባባልም አለኝ። ጠረጴዛውን እየመታሁ «ልጅ በውክልና አያድግም!» እላለሁ። ያጨበጭባሉ። ይህን የምለው እኔ ነኝ፤ እኔ ራሴ!

ልጄ ወላጅ አምጣ ሲባል ሰው የላክሁት እኔ!

ተማሪ ወላጅ አምጣ ሲባል ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። እናቱን ከማምጣት መናኸሪያ ሄዶ አንዱን ሥራ ፈት «አጎቴ ሁንልኝ» ብሎ ይዞ ከች ይላል። እንዲህ ያለውን የሐሰት ወላጅ በመያዝ የሚስተካከለኝ አልነበረም። አንድ የሚኒባስ ረዳት የሦስት ልጆች አጎት ሆኖ ሲመላለስ እጅ ከፍንጅ ይዤዋለሁ። ዘዴዬ ቀላል ነው፤ «ልጅዎ ስንተኛ ክፍል ነው?» ብሎ መጠየቅ። እውነተኛው አባት ጣሪያ ጣሪያውን እያየ «አምስት... ስድስት ሳይገባ ይቀራል?» ይላል። የሐሰቱ ግን ክፍሉን ከነሴክሽኑ ያንበለብለዋል፤ አጥንቶ መጥቷላ! ይህን ጥበብ የከተማው መምህራን በተሰበሰቡበት ደረቴን ነፍቼ አስተምሬያለሁ። መምህር ኦጁሉም ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ እየሳቀ ሰምቷል።

ይህ መምህር ኦጁሉ የሌላ ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ነበር፤ ሴት ልጁ ግን እኔ ዘንድ ነበር የምትማረው። አንድ ጊዜ አርፍዳ ብትመጣ አባቷን አስጠራሁትና በመምህራን ፊት «ልጅ የወላጇ መስታወት ናት! አንተ አስተማሪ ሆነህ እንዲህ ካረገች የሌላው እንዴት ሊሆን ነው?» ብዬ አወረድኩበት። ያ ቁመተ ረጅም ሰው አንገቱን ደፍቶ «ልክ ነሽ ቲቸር» ብሎ ወጣ። ያን ሳምንት መሬት አልበቃችኝም።

እግዜር ግን ቀልድ ያውቃል። አንድ ልጄን ናቲን፣ «ለልጇ ታዳላለች» እንዳልባል ብዬ ያስገባሁት ኦጁሉ ትምህርት ቤት ነበር። ናቲ ሰባተኛ ክፍል እያለ ከጓደኞቹ ጋር አጥር ዘሎ ባሮ ሊዋኝ ወረደ። ያውም አዞ ታየ በተባለበት ሰሞን! ከዚያ ጸጉሩ ውኃ እያንጠባጠበ ክፍል ገብቶ ቁጭ አለ። ኦጁሉ ያዘውና ወላጅ አምጣ አለው።

ናቲ ሲነግረኝ ምን ተሰማኝ? ልጄን አዞ ሊበላብኝ ነበር ብዬ ደነገጥኩ? የለም! ኦጁሉ «መስታወት» የምትለዋን ቃል በመምህራን ፊት ሲመልስልኝ ነው የታየኝ። ምን ዓይነት እናት ነኝ? የናቲ አባት እንደሆነ ልጁ ጥርስ ሳያበቅል ጥሎን ሄዷል። ከእኔ በቀር ማን አለው? እኔ ግን አልሄድም አልኩ። ሰው ላክሁ።

ግቢያችን ውስጥ ጋሽ መኮንን የሚባል ከመቲ ከተማ የመጣ ቡና ነጋዴ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነበር። ገና መምጣቱ ስለሆነ የሚያውቀው የለም። በጋምቤላ ሙቀት ኮት ሳይለብስ አይወጣም፣ ድምፁ ያለ ማጉያ ሰርግ ይመራል። «እባክህ፣ ከሄደበት የተመለሰ የናቲ አባት ሁንልኝ፤ ለአንድ ጠዋት ብቻ። የባሮ ዓሣ እጠብስልሃለሁ» አልኩት። «ለዓሣው ከሆነ የሰፈሩ ሁሉ አባት እሆናለሁ» አለኝ።

ተማሪ አድርጌ አስቀመጥኩት። ሰባተኛ ቢ፣ የተወለደው መስከረም፣ የሚወደው ሳይንስ፣ የሚጠላው ስፔሊንግ... እስኪያንበለብለው ድረስ አስጠናሁት። እኔ! የሐሰት ወላጅ እንዴት እንደሚያዝ ለከተማው ያስተማርኩት ሴትዮ! ፍርሃት ሲገባ ዕውቀት በመስኮት ይወጣል።

ጠዋት ሲወጡ ናቲ ዞር ብሎ «እማ፣ አንቺስ?» አለኝ። «ክፍል አለኝ» አልኩት። ከዚያ የጋሽ መኮንንን እጅ ያዘ። እናቱን መንገድ ላይ እጅ መያዝ የሚያፍረው ልጅ የሰውዬውን እጅ ጥብቅ አድርጎ ያዘ። እኔም ከበሩ ላይ ቆሜ «ወይ ተዋናይ፣ ሲችልበት!» ብዬ በልቤ አደነቅሁት። የታወርኩ!

ጋሽ መኮንንን ያዘዝኩት ጉሮሮውን ጠርጎ «ልክ ናችሁ» ብሎ እንዲወጣ ነበር። እሱ ግን መድረክ አገኘ። ቆሞ ንግግር አደረገ፣ መሐረብ አውጥቶ አለቀሰ፣ በመጨረሻም «ጥፋቱ የእናቱ ነው! የሰው ልጅ ስታርም የራሷን አረም ዋጠባት!» ብሎ ደመደመ። መምህራኑ አጨበጨቡ። ይህን ናቲ ምሳ ላይ እየሳቀ ሲተርክልኝ የዓሣው አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ልቆጣ? ማንን? የላክሁት እኔ ነኝ። ናቲም ሳቁን ጨረሰና ዓይኑን ሳህኑ ላይ ተከለ።

በዚህ አላበቃም። ጋሽ መኮንን የወላጅ ኮሚቴ ተመረጠ! በትምህርት ቤቱ አንድ ልጅ የሌለው ሰው! ክፍሉን ለቆ መቲ ከተመለሰ በኋላ እንኳ ቡናውን ከተሰጣበት ትቶ «ስብሰባ አለብኝ» እያለ ይወርዳል፤ እኔም ዓሣ እጠብሳለሁ። የናቲ ጓደኞች እናቶች መንገድ ላይ እያስቆሙ «ባልሽ እንዴት ተናጋሪ ነው!» ይሉኛል። ናቲ ስምንተኛን ሲጨርስ ሽልማቱን የሰጠው እሱ ነው፤ «የኔ ልጅ!» ብሎ አቅፎ ሳመው። እኔስ? ከአጥሩ ውጭ ማንጎ ዛፍ ሥር ቆሜ አጨበጨብኩ። ገብቼ «ባሌ» አጠገብ ልቀመጥ?

እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ። ናቲ አድጎ ኢታንግ ሥራ ያዘ፤ ኦጁሉም እንደ እኔ ጡረታ ወጣ። ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጁን ስለሚያሳድግ ሥልጠናዬ ላይ መጣ። «ልጅ በውክልና አያድግም!» ስል አዳራሹ አጨበጨበ፤ እሱ ብቻ ፈገግ አለ። ሰው ሲበተን ወንበር እየሰበሰበልኝ «ቲቸር፣ ባለቤትሽ ጋሽ መኮንን ደህና ናቸው?» አለኝ።

«አውቀህ ነበር?» አልኩት።

«‹ሰባተኛ ቢ› ካሉ ጊዜ ጀምሮ። እኔ እንኳ የልጄን ሴክሽን አላውቅም ነበር። ያስተማርሽን አንቺ አይደለሽም?»

«ታዲያ ለምን አላዋረድከኝም?»

ወንበሩን አስቀመጠ። «ላዋርድሽ ነበር። ያቺን መስታወትሽን ልመልስልሽ ስንት ጊዜ ጠብቄያለሁ! ግን ልጁ እጃቸውን ይዞ ነበር፤ እስኪወጡ አልለቀቀም። እንዴት ብዬ ላስለቅቀው? ኮሚቴ ያስመረጥኳቸውም እንዳይጠፉበት ብዬ ነው።»

እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ኦጁሉ፣ ያዋረድኩት ሰው፣ ለልጄ አሰበ። እኔ የወለድኩት ለስሜ አሰብኩ።

ወዲያው ናቲ ዘንድ ደወልኩ። ብቻዬን ስላሳደግሁህ ነው፣ ሰው ይስቅብኛል ብዬ ነው የሚል ሰበብ በጭንቅላቴ ደርድሬ ነበር፤ አንዱንም አላወጣሁትም። «ያኔ መምጣት የነበረብኝ እኔ ነኝ። አፍሬብህ ሰው ላክሁ። ይቅር በለኝ» አልኩት። «እማ፣ እኔ እኮ ጋሽ መኮንን ሲያለቅሱ በሩን ነበር የማየው። ትመጣለች ብዬ» አለኝ።

የፊታችን ቅዳሜ ይህንን ሁሉ በወላጆቹ ፊት ቆሜ እናገራለሁ፤ ከፈለጉ ያባርሩኝ። ናቲንም መጥተህ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥልኝ አልኩት።

«እመጣለሁ እማ» አለኝ። «ካልተመቸኝ ሰው እልካለሁ።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቅዳሜ ግን ከጠዋት ጀምሬ በሩን በሩን ማየቴ አይቀርም።