ዳልቻ ለምን ትጮህ ነበር

ከምኖርበት ሕንፃ ሥር የቤት ዕቃ መሥሪያ ከተከፈተ ወዲህ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ጠብ ሲል የረጠበ ሰጋቱራ ሽታ በመስኮቴ ይገባል። ጎረቤቶቼ አፍንጫቸውን ይዘው መስኮታቸውን ይዘጋሉ፤ እኔ እከፍታለሁ። ያ ሽታ አባቴ ነው፤ ከጣውላ መሰንጠቂያው ሲመለስ ፀጉሩና ቅንድቡ ላይ ተነስንሶ፣ ከካፖርቱ ኪስ እየረገፈ፣ እናቴ ጠርጋ የጨረሰችውን ደጃፍ መልሶ የሚያለብሰው ሰጋቱራ። ሽታው ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ ትንሽ ቆየት ብሎ የአንዲት ድመት ጩኸት ይከተለዋል።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ። ባሕር ዳር፣ የሐይቁ ደንገል ከደጃፍ በሚታይበት ሠፈር፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ከነበሩት ሦስት የቀበሌ ቤቶች በአንዱ እንኖር ነበር። አባቴ አዱኛ በጣውላ መሰንጠቂያው ውስጥ የትልቁ መጋዝ ሠራተኛ ነበር፤ ግንዱን ከመጋዙ ጥርስ ፊት አስተካክሎ የሚገፋው እሱ ስለነበር፣ ሚኒስትር የሆነ ያህል ይኮራበት ነበር። ድመቷን ያገኛት እዚያው ሰጋቱራ ክምር ውስጥ ነው፤ ዐይኗ በቅጡ ሳይገለጥ በካፖርቱ ኪስ ይዟት መጣ። የመሸንቲ ገበሬ ልጅ በመሆኑ ለድመት የሚሆን ስም አልመጣለትም፤ ፀጉሯ አመድማ ስለነበረ እንደ በሬ «ዳልቻ» ብሎ ጠራት። እናቴ «ነገ ደግሞ ቀንበር ጫንባት!» ብላ ሳቀችበት፤ ስሙ ግን በዚያው ጸና።

እናቴ የዓሣ ሽታ አትወድም ነበር። ስለዚህ አባቴ ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ከአጥማጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ይዞ ይመጣና፣ ጓሮ ቧንቧው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ጀርባውን ለግቢው ሰጥቶ ቅርፊቱን እየፋቀ፣ ጭንቅላትና አንጀቱን ለዳልቻ ይጥልላት ነበር። ከእሱ በቀር የሚያበላት ሰው አልነበረም፤ እሷም ከእሱ በቀር ሰው ያለ አይመስላትም ነበር።

ጩኸቱ የተጀመረው በክረምት ነው። መጀመሪያ ላይ እንደማንኛውም ድመት ሚያው ትል ነበር፤ ከዚያ ድምፅዋ ከሰውነቷ እየቀደመ አደገና፣ ነሐሴ ላይ እንደ አልቃሽ ሴት መጮህ ጀመረች። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ እንኳ፣ የእሷ ጩኸት ከዝናቡ በላይ ይሰማ ነበር። እናቴ «ወስፋት ይሆናል» ብላ ኮሶ በወተት በጥብጣ ልትግታት ስትሞክር እጇን ቦጭቃት ሮጠች። ቀጥላ የነፍስ አባታችንን ጠበል እንዲረጩላት ለመነቻቸው። መምሬ «ብርቄ፣ ጠበል የወረደው ለክርስቲያን ነው፤ ይችን ደግሞ ማን ክርስትና አነሳት?» ብለው ከተቆጡ በኋላ፣ እኛን ሲረጩ እጃቸው ሳት ያለ መስለው ለእሷም አካፈሏት። ዳልቻ ጠበሉን ከጀርባዋ ላይ ልሳ፣ በማግሥቱ በታደሰ ጉልበት ጮኸች። በዚህ ሁሉ መሐል አባቴ ብቻ ምንም አይመስለውም ነበር፤ «ድመት አይደለች እንዴ፣ ምን ትበል?» እያለ ይስቅብን ነበር።

መስከረም ጠብቶ አደዩ ሲፈነዳ ግን ነገሩ የሳቅ መሆኑ ቀረ። ከጎናችን እትዬ የሺ የሚባሉ ብቸኛ ሴት ይኖሩ ነበር፤ አንድ ልጃቸው ጌታነህ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ፣ ከፋሲካ በኋላ አንድም ደብዳቤ አልመጣላቸውም። እኔን ግማሽ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከእናቴ ቤት በፊት የምገባው እሳቸው ቤት ነበር። ዳልቻ መጮህ ስትጀምር ወገባቸውን በነጠላቸው አስረው ይወጡና፣ ከአጥሩ ሥር ቆመው «ምነው? ምን አየሽ?» እያሉ ድመቷን ይጠይቋት ነበር። ሌላው ሰው የሚሰማው ጩኸት ነበር፤ እሳቸው የሚሰሙት መርዶ ነበር። ጉንጫቸው እየጎደለ ሲሄድ በዐይኔ አይቻለሁ።

ጥቅምት ላይ አንድ ቀን እቤታችን መጡና እናቴ ፊት ተንበረከኩ። እናቴ ደንግጣ ልታነሳቸው ስትሞክር እጇን ያዟት።

«ብርቄ፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ። እኔ ከእንስሳ ጋር ምን ጠብ አለኝ? ግን እንዲያ ስታላዝን ወሬው ቀድሞ ለእሷ የደረሳት እየመሰለኝ አልቻልሁም። ስለ ጌታነህ ብለሽ ከፊቴ አርቂልኝ።»

ስለ ጌታነህ ተብሎ እምቢ ማለት አይቻልም ነበር። ድመት መግደል ደግሞ ግፍ ነው፤ በቤታችን እንዲህ ያለ ነገር አይታሰብም። ስለዚህ አባቴ ቅር እያለው በጆንያ አድርጎ መሸንቲ ለሚኖር ወንድሙ ሰደዳት። በአምስተኛው ቀን ጎድኗ ተቆጥሮ፣ መዳፏ ደምቶ ተመልሳ ከቧንቧው አጠገብ ተገኘችና፣ አባቴ ዓሣውን ይዞ ሲመጣ ለአምስት ቀን ያጠራቀመችውን ሁሉ ጮኸችው። እትዬ የሺ የዚያን ዕለት ቤታቸውን ዘግተው አልወጡም። እናቴም ቁርጡን ተናገረች፤ ድመት በየብስ መንገድ አይጠፋትም፣ ውኃ ከተሻገረች ግን መመለሻ የላትም፤ ቅዳሜ ከሐይቁ ማዶ ከዘጌ ማገዶ ይዘው ከሚመጡት ባለታንኳዎች ለአንዱ ትሰጥ።

ያን ሳምንት እንዳላልቅስ ራሴን ይዤ፣ አባቴ ዓሣ ሲያጸዳ ከበስተኋላው ግንድ ላይ ተቀምጬ ዳልቻን በደንብ ላያት ቆረጥሁ። ከጓሮው በር ብቅ አለች። ከአባቴ ጀርባ ሁለት እርምጃ ርቃ ተቀመጠችና፣ ሰምቼው በማላውቀው ቀጭን ድምፅ፣ የድመት ግልገል በሚመስል ድምፅ «ሚው» አለች። አባቴ አልዞረም። ጠጋ ብላ ደገመች፤ አልዞረም። በጅራቷ መሬቱን መታ መታ አድርጋ ጠበቀችው። ከዚያ አንገቷን መዛ፣ አፏን እስከ ጉሮሮዋ ከፍታ ግቢው እስኪናወጥ ጮኸች። አባቴ ፊቱ በፈገግታ ተሞልቶ ዞረና «መጣሽ ወይ ዳልቻዬ?» አላት።

ከተቀመጥሁበት ሳልነሳ «አባዬ» አልሁ። ዝም። «አባዬ!» አልሁ ጎላ አድርጌ። እየፋቀ ነው። ሦስተኛውን ግቢው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ጮኼ ስጠራው ነው ዞር ያለው፤ ፊቴን ሲያይ ምን እንዳወቅሁ አወቀ። ቢላውን አስቀምጦ፣ እጁን በካፖርቱ ጠርጎ አጠገቤ መጣ።

«መጋዙ ነው ልጄ፤ ቀስ እያለ ወሰደው። ሰው ከፊቴ ሲያናግረኝ ከንፈሩን አያለሁ፤ ማንም አልነቃብኝም። አለቃዬ ካወቀ ከመጋዙ ያነሳኛል። እናትሽ ካወቀች ደግሞ እኔ ሥራ በዋልሁ ቁጥር እሷ ስትሞት ትውላለች። በይ፣ አባቴ ይሙት አልነግርም በይ።»

በእኛ ቤት «አባቴ ይሙት» የተባለ ነገር ይጠበቃል፤ ምለው አፍርሰው የኖሩ ሰዎች እንዳሉ አላውቅም ነበር። «አባቴ ይሙት» አልሁ። ወዲያው የታየኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። ምሳውን ሳደርስለት አይቻለሁ፤ ግንድ ከክምሩ ሲንከባለል ሠራተኞቹ «ዘወር!» ብለው ይጮሃሉ፣ ያን የሰማ ብቻ ይተርፋል። ብናገር በመሐላው ይሞትብኛል፣ ዝም ብል በግንዱ ይሞትብኛል። እስከ ቅዳሜ ድረስ እህል አልወረደልኝም፤ እናቴ በድመቷ ያዘንሁ መስሏት ታባብለኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ረግቶ ተኝቶ ነበር። የዘጌ ባለታንኳዎች ማገዷቸውን አራግፈው ታንኳቸውን ዳር ላይ አሰልፈዋል። አባቴ ዳልቻን በጆንያ ተሸክሞ ከፊት፣ እናቴና እትዬ የሺ ከመሐል፣ እኔ ከኋላ ሆነን ወረድን። ዳልቻ በጆንያው ውስጥ፣ በአባቴ ጆሮ ሥር፣ ያለ የሌለ ጉልበቷን አውጥታ ትጮህ ነበር፤ ባለታንኳው ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ «ኧረ ጌታው፣ እንዴት ቻሉት?» አለ። አባቴ ውኃውን እያየ ነበርና አልመለሰለትም። ጆንያው ታንኳው ላይ ተቀመጠ፣ ባለታንኳው መቅዘፊያውን አነሳ፣ እትዬ የሺ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «እንግዲህ ልጄን!» አሉ።

«አትውሰዷት!» ብዬ ጮህሁ። «ሟርት አይደለም! አባዬ አይሰማም! እሱ ስለማይሰማ ነው የምትጮኸው፤ ለሌላ ሰው አትጮህም! ግንድ ሲመጣም አይሰማም!»

የተናገርሁት ከአባቴ ጀርባ ቆሜ ነበር። እሱ አልሰማም። ውኃውን እንዳየ ነው። እናቴ ወደ እሱ ዞረች፣ እትዬ የሺ ዞሩ፣ ባለታንኳው መቅዘፊያውን እንዳንጠለጠለ ዞረ፣ ማገዶ የሚሸከሙት ሴቶች ሳይቀሩ ዞሩ። አባቴ ዐይን ሲበዛበት ቀና ብሎ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ፤ በመጨረሻ ወደ ኋላው ዞሮ እኔን አየኝ። ምን እንዳልሁ የነገረው ሰው አልነበረም፤ ከፊታችን አነበበው። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ቆቡን አውልቆ ውኃው ውስጥ ገብቶ ጆንያውን ከታንኳው አነሳና አፉን ፈታው።

እትዬ የሺ አሸዋው ላይ ተቀመጡ። «ለካ እህል ነው የምትጠራው!» አሉ፤ ይስቁ ይሁን ያልቅሱ አይታወቅም ነበር። «ለካ ልጄን አይደለም! አዱኛን ነው! እሱን ነው የምትጠራው!» እያሉ፣ እስከ ትናንት በዐይናቸው ሊያዩዋት ያልፈለጓትን ድመት ከነጭቃዋ ጉያቸው ውስጥ አስገቧት። እናቴ ወደ አባቴ ሄዳ፣ ከፊቱ ቆማ፣ ጆሮዎቹን በሁለት መዳፏ ያዘቻቸው።

ሰኞ አባቴ ራሱ ሄዶ ለአለቃው ተናገረ፤ ካልተናገረ እናቴ ሄዳ እንደምትናገር ስላወቀ ነው። ከመጋዙ ተነሥቶ ጓሮ የተሰነጠቀውን ጣውላ እየለካ የሚቆልል ሆነ። ከዚያ ወዲያ ሰጋቱራ በፀጉሩ ይዞ አልመጣም። እኔን አልመታኝም፣ አልሰደበኝም፤ ግን እስከ ጥምቀት ድረስ ከ«በይ ብዪ» እና «በይ ተኚ» በቀር አላናገረኝም። እኔም መሐላዬን አፍርሻለሁና ይሞትብኛል ብዬ፣ ጠዋት ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ተነሥቼ አልጋው አጠገብ በመቆም ትንፋሹን አዳምጥ ነበር። በጥምቀት ማግሥት ዐይኑን ሲገልጥ እንዲያ ቆሜ አገኘኝ። ትንሽ አየኝና «አለሁ፤ ሂጂ ውኃ ቅጂልኝ» አለኝ። ታረቅን ማለት ነው።

ፋሲካ ሲደርስ ዳልቻን የምታበላት እናቴ ነበረች፤ የዓሣውን ሽታ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ይዛ ቻለችው። ድመቷም ለእናቴ በዚያች ቀጭን ድምፅ ሚው ትላት ጀመር፤ ጩኸቱ ቀስ በቀስ ለቀቃት። ግቢው ሁሉ አባቴን ሲፈልግ ከፊቱ መምጣት ወይም እጅጌውን ነካ ማድረግ ለመደ። ጌታነህ መንግሥት በተለወጠበት ዓመት በእግሩ፣ ከስቶ፣ ጫማ ሳይኖረው መጣ። እትዬ የሺ እልልታቸው አገር ምድሩን ሲያናውጠው አባቴ ያልሰማቸው መሆኑን አስታውሰው፣ ልጃቸውን በግቢው መሐል ትተው እየሮጡ ሄደው እጅጌውን ጎተቱት።

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት፣ ከነዐሥር ጣቱ ኖረ። እኔም አድጌ፣ አስተማሪ ሆኜ፣ ወልጄ ስኖር፣ መናገሬ አልቆጨኝም፤ ዛሬም ቢሆን እናገራለሁ። የቆጨኝ ከጀርባው መናገሬ ነው፤ ከእሱ በፊት አገር ሰማ። ጡረታ ወጥቶ ሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር መቀመጥ ከጀመረ በኋላ አንድ እሑድ ከኋላው ቆሜ፣ «አባዬ፣ መጀመሪያ ለአንተ ልነግርህ ሲገባኝ ሰው ፊት አሳፈርሁህ፤ ይቅር በለኝ» አልሁት። ፊቱን እያየሁ ለመናገር ድፍረት አጥቼ ነው። አልዞረም። ተናግሬዋለሁ ብዬ ለራሴ ቀለል አለኝና፣ ዞሬ አጠገቡ ተቀምጬ ስለ ልጆቼ አጫወትሁት።

አሁን እዚሁ ከተማ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ነው የተቀበረው። በበዓል ስሄድ ሰው ራቅ እስኪልልኝ ጠብቄ ያንኑ ቃል እደግምለታለሁ። አይሰማኝም፤ ያኔም አልሰማኝም። ያኔ ግን እጅጌውን ነካ ባደርገው ኖሮ ይዞርልኝ ነበር።