ባዘቶ የጾመችበት ፍልሰታ

በቀደም ጉንፋን አሞኝ የዩኒቨርሲቲያችን ክሊኒክ በር ላይ ወረፋ ስጠብቅ፣ አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት የግቢው ሠራተኛ ለታቀፈችው ልጅ ሮዝ ሽሮፕ በስሪንጅ ቀድታ ጉንጩ ውስጥ ጠብ ስታደርግለት፣ ሽታው ድንገት መጥቶ አፍንጫዬ ሥር ቆመ። የእንጆሪ ይሁን የማስቲካ ያልለየለት፣ ሲጀምር ጣፋጭ፣ ሲጨርስ መራራ የሆነ ሽታ ነው። ልጁ ፊቱን አጨማደደ፤ እኔ ግን ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ምክንያቱም ከዚያ ሽታ ጀርባ ሌላ ሽታ ተከትሎ መጥቶ ነበር፦ ሌሊት ሲዘንብበት አድሮ ጠዋት ፀሐይ የነካችው የጂንካ ሣር ሽታ።

ያኔ አራተኛ ክፍልን ገና ጨርሼ ነበር። ቤታችን ከድሮው አውሮፕላን ማረፊያ የሚለየው በአንድ የእንጨት አጥር ብቻ ነበር። ማረፊያ ይባል እንጂ ለእኛ ከተማው መሃል የተነጠፈ ትልቅ አረንጓዴ ምንጣፍ ነበር፤ ጥጃዎች ይግጡበታል፣ ኳስ ይጫወቱበታል፣ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው ያርፉበታል፣ አልፎ አልፎ ትንሽ አውሮፕላን ስትመጣ ደግሞ ሰውም ከብቱም እየተሳሳቀ ይሸሽላታል። አባቴ የውሃ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነበር። እናቴ ወላጆቿ ከሰሜን ሸዋ መጥተው እዚያው ጂንካ የወለዷት፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ትንሽ ሱቅ ያላት፣ በጾምና በአደራ የማትደራደር ሴት ናት።

ባዘቶ የጓሮ ክፍላችንን ተከራይታ የምትኖረው የቲቸር ሰናይት ጥንቸል ነበረች። እንደተባዘተ ጥጥ ነጭ ስለሆነች ነው ስሙ የወጣላት። አንድ ጊዜ ታማ አንገቷ ወደ ግራ ተጠምዝዞ ስለነበር፣ የእንስሳት ሐኪሙ ጋሽ ዘሪሁን ያን ሮዝ ሽሮፕ ለረጅም ጊዜ እንድትወስድ አዘዙላት፤ አንገቷ በመድኃኒቱ ቀና ቢልም ትንሽ ዘንበል ማለቱ አልቀረም፣ ሁልጊዜ ከሩቅ የሚወራ ነገር የምታዳምጥ ትመስል ነበር። ሰኔ ላይ ቲቸር ሰናይት ወደ ካንጋተን ተዛወረች። በሄደችበት ጠዋት ጥንቸሏን ከነዘንቢሏ እናቴ እግር ሥር አስቀመጠችና፣

«እትዬ ወይንሸት፣ የካንጋተንን ሙቀት አትችለውም። ለመስቀል መጥቼ አያታለሁ። መድኃኒቷን ብቻ ጠዋትና ማታ፤ ከተቋረጠ አንገቷ ተመልሶ ይጠመዘዛል። አደራ!» አለቻት።

«በእኛ ቤት አደራ ጠፍቶ አያውቅም» አለች እናቴ።

ይህን ያለችው ግን ዘንቢሉን በእግሯ ገፋ እያደረገች ነው። በእኛ ሃይማኖት ጥንቸል አትበላም፤ እናቴ ደግሞ ከመብላት አልፋ መንካቱንም አትወደውም ነበር። ባዘቶ የራሷ ሳህን፣ የራሷ የሳህን ማጠቢያ፣ የራሷ ጥግ ተሰጣት። መድኃኒቱን የመስጠቱ ሥራ የእኔ ሆነ፤ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ስሪንጁን በጎን ጥርሷ በኩል ሳስገባ፣ ሽሮፑ ጢሟ ላይ ሮዝ ጠብታ ሆኖ ሲቀር፣ ልቧ መዳፌ ውስጥ እንደ ትንሽ ሞተር ሲርገበገብ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

የምግቡን ሥራ ግን እናቴ ለማንም አልተወችውም። «መድኃኒት በባዶ ሆድ አንጀት ይልጣል» የሚል እምነት ነበራት፤ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በቤታችን እንቁላል ይሰበርለታል፣ ወተት ይፈላለታል። ስለዚህ ለባዘቶም ጠዋት በወተት የራሰ ዳቦ፣ ቀን ሙዝ፣ ማታ አጥሚት ይቀርብላት ጀመር። ታማሚ መኖሩን የሰሙ ጎረቤቶችም ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ አንዷ ብስኩት፣ ሌላዋ ስኳር የተነሰነሰበት ሩዝ ይዘው እየመጡ «እግዜር ይማርሽ» ብለዋት ይሄዱ ነበር። ጋሽ ዘሪሁን በመንገድ ሲያልፉ በአጥር በኩል አይተው «ሣር ስጧት፣ ሣር ብቻ!» ቢሉ፣ እናቴ ራሷን ነቀነቀች።

«ለታመመ ሣር ይሰጣል? ከብት ሲያክሙ ኖረው ሁሉም በሬ እየመሰላቸው ነው።»

«ሰው አይደለችማ፣ ወይንሸት!» አለ አባቴ እየሳቀ።

«አደራ ናት። አደራ ከሰው ይበልጣል።»

ሐምሌ ሳያልቅ ባዘቶ ተለወጠች። መጀመሪያ ኩሷ እንደ ገንፎ ላላ፤ ቀጥሎ ጭራሽ ቆመ። ጆሮዋን ጀርባዋ ላይ አስተኝታ፣ ኩርምት ብላ፣ ጥግ ይዛ ጥርሷን ስታፋጭ ትውላለች፤ ሆዷን ስነካው እንደተወጠረ ከበሮ ነበር። አባቴና እኔ በዘንቢል ይዘናት ወደ ከብት ክሊኒኩ ሄድን። ከዲመካ በኩል ፍየል ይዘው የመጡ አንድ የሐመር አባት ወደ ዘንቢሉ አጎንብሰው አዩና፣ «ይቺ ፍየልህ ቀንዷ ለስላሳ ነው» ብለው አባቴን አሳቁት። እኔ አልሳቅኩም።

ጋሽ ዘሪሁን ሆዷን በጣታቸው ቀስ ብለው ዳሰሱ። «የጥንቸል ሆድ ወፍጮ ነው፤ ሣር እየገባ ካልፈጨ ይቆማል። መድኃኒቱ ራሱ አንጀቷን አድክሞታል፣ እናንተ ደግሞ ዳቦ ጨመራችሁበት» አሉ። አባቴ መድኃኒቱን እናቁመው ወይ ብሎ ቢጠይቃቸው አንዴ አንገቷን፣ አንዴ ሆዷን አዩ። «ብታቆሙት አንገቷ፣ ብትቀጥሉት ሆዷ። ቀጥሉት፤ ውሃ በስሪንጅ ትንሽ ትንሽ ስጧት፣ ሌላውን ሁሉ ተዉትና ሣር።»

የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ እናቴ ከሱቋ ስትመለስ የባዘቶን ጥርስ መፋጨት ሰማች። ቆማ አዳመጠች። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ እጇ ላይ ጠቅልላ ተቀመጠችና፣ እኛን ቁርጠት ሲይዘን እንደምታደርገው የባዘቶን ሆድ በክብ በክብ ታሸው ጀመር። ጥቂት ቆይታ ነጠላውን ፈታችው፤ በባዶ እጇ አሸችው። «እሱ የፈጠረው አይደለም እንዴ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። እኔና አባቴ ያላየን መሰልን። ያም ሆኖ ስትነሳ ወተት ልታሞቅላት ነበር፤ ሐኪም የተናገረው በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጥቷል።

ወተቱን ያስቆመው ሐኪሙ ሳይሆን ፍልሰታ ነው። በማግስቱ ጾሙ ገባ። የቤታችን ወጥ ቤት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጭስ አያይም፣ ጎረቤቶቻችንም ሳህን ይዘው መዞራቸውን ይተዋሉ። እናቴ የወተቱን ጣሳ አጥባ ደፋችው።

«ባዘቶስ?» አልኳት።

«ሁላችንም እየጾምን እሷ ብቻዋን ወተት ልትጠጣ ነው? ከእኛ ጋር ትጹም።»

«ሣርስ?» አለ አባቴ፣ ፊቱን ቅዱስ አስመስሎ።

እናቴ ትንሽ አሰበች። «ሣር ጾም አያስገድፍም።»

እንግዲህ በዚያ ፍርድ ነው ባዘቶ የዳነችው። እናቴ ወደ ቅዳሴ ስትሄድ እኔ ጥንቸሏን አቅፌ በአጥሩ ክፍተት ወደ ሜዳው እወጣለሁ። የመጀመሪያው ቀን ሣሩን አሸተተችና ፊቷን አዞረች፤ ውሃዋን እየሰጠኋት ስጠብቅ ዋልኩ። በሁለተኛው ቀን አንዲት ቅጠል ይዛ ወደ ውስጥ ሳበቻት፤ ቅጠሏ እያጠረች እያጠረች ከንፈሯ ውስጥ ስትጠፋ ትንፋሼን ይዤ ነበር። እኔም ጾመኛ ስለነበርኩ ራሴ ቀለል ይለኝ ነበርና፣ ዛሬ ያን ወራት ሳስበው ነቅቼ ያየሁት ሕልም ይመስለኛል፦ ከተራራው የወረደው ጉም ሜዳው ላይ ተኝቶ፣ ጥጃዎቹ እግር የሌላቸው ይመስል ጉሙ ላይ ሲንሳፈፉ፣ ከሩቅ የቅዳሴው ዜማ እየመጣ እየሄደ፣ ከጎኔ ደግሞ የማያቋርጥ ትንሽ ቅርጥፍ ቅርጥፍ። ተኝቼ ጆሮዬን ሆዷ ላይ ሳደርግ፣ ዝም ብሎ የነበረው ወፍጮ ውስጥ ለውስጥ መንጎራጎር ጀምሮ ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት ጥጓ ላይ ሽምብራ የሚያካክሉ፣ ድቡልቡል፣ ደረቅ በጠጦች ተበትነው አገኘሁ። ስጮህ እናቴ ሮጣ መጣች፤ አየችና እልል አለች። ጎረቤታችን በአጥር ብቅ ብላ «ምን ተገኘ? ማን ወለደ?» ብትል፣ አባቴ «በጠጥ!» ብሎ መለሰላት። ሽሮፑም በየጠዋቱና በየማታው ቀጠለ፣ ሣሩም ቀጠለ፤ ዳቦ ግን ለፍልሰታ ፍቺ እንኳ አልተመለሰም።

ለመስቀል ቲቸር ሰናይት ፀሐይ አጥቁሯት፣ ከስታ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ያየችው እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ፣ ባዘቶ ጭኗ ላይ ተኝታ፣ አንድ እጇ ጆሮዋን ሲዳብስ ነው። ቲቸር ሰናይት ባዘቶን ለእኛው ትታ፣ ዘንቢሉን ሳትጠይቅ ተመልሳ ሄደች። ባዘቶ እኔ ስምንተኛ ክፍል እስክደርስ ከነሽሮፗ ኖረች፤ በአጥሩ ሥር፣ በሜዳው በኩል ቀበርናት።

አውሮፕላኖቹ ከከተማው ወጣ ወዳለው አዲሱ ማረፊያ ከሄዱ ወዲህ ሜዳው እንደ ድሮው አይደለም፤ በእረፍት ስሄድ አጥሩ በግንብ ተተክቶ፣ የምሾልክበት ክፍተት ጠፍቶ አገኘሁት። አባቴ ካረፈ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። እናቴ ስኳር አለባት ተብላ ጠዋትና ማታ ኪኒን ትወስዳለች፤ ዳቦና ጣፋጭ ተከልክላለች።

ከክሊኒኩ ስመለስ፣ በጉንፋን በታፈነ ድምፅ ደወልኩላት።

«አሞሻል እንዴ? መድኃኒት በባዶ ሆድ እንዳትወስጂ!»

«አንቺስ ምን በላሽ?»

«ምን እበላለሁ፣ ጎመኔን ነዋ። ከባዘቶ ተራ ገባሁልሽ» ብላ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ከበስተጀርባዋ ምንም ድምፅ አልነበረም፤ «ሣርስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ያኔ ለታመመ የማደርገውን አውቅ ነበር፤ አቅፌ ሜዳ ላይ ማውጣት፣ እስኪበላ አጠገቡ መቀመጥ። አሁን የሁለት ቀን መንገድ ርቄያለሁ።

«እማዬ፣ ኪኒኑን እንዳታቋርጪ» አልኳት። «አደራ።»



«በእኛ ቤት አደራ ጠፍቶ አያውቅም» አለችኝ።