የመብራቱ ቅንድብ

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ አሰላ ላይ ያሠራውን አዲስ ቤት ሊያሳየኝ ወሰደኝና ሳሎኑ መሃል አቁሞኝ ማብሪያውን ሲጫነው፣ ከኮርኒሱ ዙሪያ፣ ከጂብሰሙ ጀርባ ለስላሳ ብርሃን ፈሰሰ። «አየሽ አክስቴ፣ አምፖሉ አይታይም፣ ብርሃኑ ብቻ ነው!» አለኝ። ልጁ አድናቆት ይጠብቃል፤ እኔ ግን አንገቴን አስግጌ የተደበቀውን አምፖል መፈለግ ያዝኩ። ይህንኑ ጥበብ አባቴ ከሃምሳ ዓመት በፊት በዚሁ ከተማ ሠርቶት ምን እንዳተረፈለት አውቃለሁና።

አባቴ የባቡር ሰው ነበር። ወጣትነቱን አዋሽ ጣቢያ ላይ ሐዲድ ሲጠግንና ፋኖስ ሲያውለበልብ አሳልፎ፣ ሳንባው ሲታመም ሐኪም ደጋ እንዲኖር ቢያዘው የእናቴ አገር አሰላ መጣና እህል መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ ቆመ። አሰላ ደግሞ ሐዲድ የሚባል አታውቅም። እኛ ዘንድ ባቡር ማለት ወፍጮ ነው፤ «ባቡር ቤት ሂጂ» ከተባልሽ ገብስ ተሸክመሽ ትሄጃለሽ እንጂ ድሬዳዋ አትደርሺም። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበርኩ ባለ ቁጥር ሰዉ ዱቄት ያራግፍ የነበረ ይመስለው ነበር። ይህ ያንገበግበው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ይመኝ ነበር፤ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ሰፈሩ አንድ ቀን በዓይኑ እንዲያይለት።

ያኔ በከተማችን በነበረው የእርሻ ፕሮጀክት ሠርቶ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ፈረንጅ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ትንሽ ባቡር ትቶለት ሄደ። አባቴ በጓሮው ክፍል ሰፊ ጠረጴዛ ሠራ፤ ማዳበሪያ ጆንያ በጄሶ ነክሮ የአዋሽን ገደል አቆመ፣ ከቆርቆሮ ድልድይ ቀጠቀጠ፣ ከጥድ ቅርንጫፍ ግራር አበቀለ። ያስቸገረው መብራቱ ነበር። ከጣሪያው ራቁቱን የተንጠለጠለው አምፖል ዓይን ይወጋል፣ ጎንበስ ሲሉ የገዛ ጭንቅላት ጥላ ሐዲዱ ላይ ይጋደማል፣ ያ ሁሉ በረሃ ሱቅ ውስጥ የተደረደረ ዕቃ ይመስላል። ስለዚህ አምፖሎቹን ከጠረጴዛው ጠርዝ በላይ በረድፍ ሰቀለና ከፊታቸው ረጅም የዝግባ ጣውላ ሊጋርድ ተነሣ፤ ውስጡን ነጭ፣ ውጭውን ጥቁር ቀባው። ስሙን ቅንድብ አለው። ቅንድብ ለዓይን እንደሚሆነው ማለቱ ነው። እኔን አንዴ ቁሚ አንዴ ተቀመጪ እያለ፣ «አሁንስ አምፖሉ ይታይሻል?» እያለ፣ ጣውላውን በጣት ስፋት ዝቅ ከፍ ሲያደርግ ሰነበተ። የታየኝ እንደሆነ ይነቅለውና እንደገና ይመታዋል። በመጨረሻ መስኮቱን ዘግቶ ሲያበራው፣ እውነት እላችኋለሁ፣ አዋሽ ነጋ። ባቡሩም መብራት እያበራ ድልድዩን ተሻገረ። አባቴ ስቆ አያውቅም የምትሉ ካላችሁ ያን ዕለት አላያችሁትም።

ለመስቀል ጎረቤቱን ሁሉ ሊጠራ አሰበ። ወሬው ግን ቀደመው። ያን ረጅም ጣውላ በሰፈሩ መሃል ተሸክሞ ማለፉ፣ ሽቦ መግዛቱ፣ እናቴም ገበያ ላይ «ባለቤቴ ባቡር እየተከለ ነው» ማለቷ በቃ። አንድ ማለዳ የከድር እናት፣ ሰፈሩ ሀዳ ከድር የሚላቸው፣ ገብስ በአህያ ጭነው ደጃችን ቆሙ። «ይቺን ገርቡ የት ላራግፋት?» አሉ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ። ከኋላቸው ሌሎች ሁለት ሴቶች ቁና ይዘው ተሰልፈዋል። አባቴ ወፍጮ እንዳልሆነ ሲያስረዳ፣ «ታዲያ የማይፈጭ ባቡር ምን ያደርጋል?» ብለው አህያቸውን መለሱ። በዚህ ስንስቅ ዋልን።

ሳቁ ግን የወፍጮው ባለቤት ግራዝማች ጆሮ ሲደርስ ክስ ሆነ። ያለ ፈቃድ ባቡር ተክሏል ብለው የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊና ፖሊስ አስከትለው መጡ። አባቴ ደስ አለው፤ እንግዶቹ ቀድመው የመጡለት መስሎት መስኮቱን ዘጋና አበራው። ባቡሩ ሄደ። ጸሐፊው ግን ባቡሩን ትቶ ቀና ብሎ ጣውላውን አየ፤ «መብራቱን ለምን ደበቅኸው? ከማን ነው?» አለ። አባቴ ሊያስረዳ ቢጀምርም ቃሉ ተወላከፈበት። ፖሊሱ ክንዱን ሊይዘው ሲል እናቴ መሃል ገባች።

«ጌቶቼ፣ ምን ባቡር አለ፣ መጫወቻ ነው እኮ!» አለች እየሳቀች። «እሱ ከታመመ ወዲህ ልጅ ሆኗል፣ ስለ እግዜር፣ ተዉልኝ።»

ግራዝማች ወደ አባቴ ዞረው፣ «እውነት ነው? መጫወቻ ነው?» አሉት። አባቴ ባቡሩ አንድ ዙር እስኪጨርስ ጠበቀ። ከዚያ፣ «አዎ፣ ጌታዬ፣ መጫወቻ ነው» አለ። ሦስቱም እየተንከተከቱ ወጡ።

እናቴን መውቀስ አልችልም፤ ባትደርስ ኖሮ ባለቤቷ ይታሰር ነበር፣ እኛም እንራብ ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መመለስም አትችልም ነበር። ግን ይቅር አልኳት ብል ውሸት ነው። አባቴ በማግስቱ ጣውላውን ነቀለው፤ እናቴ ደጃችን ላይ በምትነግድባት ትንሽ ሱቅ ውስጥ ሳሙና ደረደረችበት። መስቀል መጣ፣ ማንም አልተጠራም። ሰዉ ከዚያ ወዲያ አባቴን «መጫወቻው» ይለው ጀመር፤ ሚዛን ላይም፣ እድር ላይም፣ በፊቱም።

አገሩ ሁሉ በተተራመሰበት ዓመት ሞተ። ለቅሶ ከመጡት አንዱ ሽማግሌ ሟቹ የቱ እንደሆነ ጠፍቷቸው ከጎናቸው ያለውን ጠየቁ፤ «መጫወቻው ናቸዋ» አላቸው። ሽማግሌው ወዲያው አወቁት፣ ከንፈራቸውንም መጠጡ። እናቴ ከፊታቸው ተቀምጣ ሰምታለች። ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች።