ነርሚን የታሰረችበት ዓመት

ባለፈው ሳምንት ከቁስቋም ወርጄ ታክሲ ስጠብቅ፣ ከኋላዬ ካለች ሱቅ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ። ወደ አማርኛ የተመለሰ የውጭ ድራማ ነበር፤ አንዲት ክፉ አማት ምራቷን «ከቤቴ ውጪልኝ» እያለች ታባርራለች። መልኳን አላየሁትም፣ ማየትም አላስፈለገኝም። ያ ድምፅ ትንሽ ሻከር አለ እንጂ ልጅ ሳለሁ የነርሚን ድምፅ ነበር፤ ያቺን ምስኪን ነርሚንን በአማርኛ ታናግርልን የነበረችው ሴት እሷው ናት። የመጣውን ታክሲ አሳልፌ እዚያው ቆሜ ሰማሁ።

እኔ የድራማ ሰው ነኝ፣ አላፍርበትም። አሁን የሚታዩትን አንድም ሳይቀረኝ ስለምከታተል የመተቸት መብት ያለኝ ይመስለኛል። በውጭዎቹ ሰው ጭንቅላቱን በተመታ ቁጥር ሚስቱን ይረሳል። የእኛዎቹ ደግሞ እንደ አዳራሽ በሰፋ ሳሎን ተቀምጠው ሲጣሉ ይመሻል፣ መቼ ሥራ እንደሚሄዱ እንጃ፤ ለታክሲ የሚሰለፍ የለም፣ መብራት የሚጠፋበት ቤት የለም። ነርሚን ግን ልብስ ታጥብ ነበር፣ እያጠበችም ሳሙና ያልቅባት ነበር። ሳሙና ያለቀበት ሰው ደግሞ ውሸት ነው ብሎ ማን ይጠረጥራል።

ቤታችን ጉለሌ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነበር። አባቴ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሲሆን እንጀራው ደግሞ መዝገብ ቤት ስለነበረ፣ ያየውንም የሰማውንም ደብተር ላይ ካላሰፈረ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። በእሱ ሕግ ቴሌቪዥናችን የሚከፈተው ለዜናና ለመዝሙር ብቻ ነው። ደግነቱ ግን ሰኞና ማክሰኞ፣ ልክ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ የስልክ ካርድ ያልቅበትና ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ወደ ጋሽ ሰይድ ሱቅ ይሻገር ነበር፤ ጋሽ ሰይድ ከወሎ የመጡ ጨዋታ አዋቂ ነጋዴ ስለነበሩ ቶሎ አይለቁትም። ድራማውም የሚታየው ሰኞና ማክሰኞ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። እኔና እናቴ ይህን እንደ እግዚአብሔር ሥራ ነበር የምንቆጥረው። እሱ እንደወጣ ከፍተን፣ ተደግፈን፣ ከነርሚን ጋር አልቅሰን፣ የግቢው በር ቆርቆሮ ሲንኳኳ እናቴ «ቀይሪው» ትለኝና ወደ መዝሙር እቀይር ነበር። አባቴም ገብቶ ሁለታችንም ዐይናችን እንባ አቅርሮ መዝሙር ስንሰማ ሲያገኘን ደስታው ልክ አልነበረውም።

ነርሚን የታሰረችው በክረምት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ሥዕሉ እየተቆራረጠ፣ የባሏ ወንድም የሠራውን ወንጀል በእሷ ላይ ሲያላክክና ፖሊሶች ሕፃኑን ከእቅፏ ወስደው ለአማቷ ሲሰጡ አየን። በማግስቱ ረቡዕ ነበር፤ ረቡዕ ደግሞ የሰፈሩ ምእመናን እኛ ቤት ተሰብስበው ይጸልዩ ነበር። አባቴ ደብተሩን ይዞ የየአንዳንዱን የጸሎት ርዕስ ሲጽፍ ቆይቶ፣ ያን ቀን ምን እንደታየው እንጃ፣ ወደ እኔ ዞረ። «ሜሮንዬ፣ አንቺስ የጸሎት ርዕስ የለሽም?» አለኝ።

የዐሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ከማታ ጀምሮ በልቤ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ነርሚን የምትባል ሴት ያለ ጥፋቷ ታስራለች፣ ልጇንም አማቷ ወስዳባታለች» አልኩ።

እናቴ ትን አላት። አባቴ ቀና ብሎ አየኝና ጻፈው። ቤቱ በሐዘን ተሞላ። እማማ ዘነበች፣ ከእኛ በላይ ሁለተኛው ግቢ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር ቤታቸው ያልገባ፣ ለጸሎት ከተንበረከኩ የሚያነሣቸው የሌለ ሴት ነበሩ፤ «እኔን፣ የእናት አንጀት» ብለው እዚያው ማልቀስ ጀመሩ። የሙስሊም ስም ነውና፣ ስሟን የሰሙት ሁሉ የጋሽ ሰይድ ዘመድ መሰለቻቸው፤ እኔም አዎ አላልኩ፣ አይደለም አላልኩ። እንግዶቹ ሲወጡ እናቴ ወጥ ቤት አስገብታ ልትቆጣኝ አፏን ከፈተችና፣ ሳቅ አሸንፏት ጉልበቷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች።

አንድ ጊዜ ነው ብለን ነበር፤ አባቴ ግን የጻፈውን የሚረሳ ሰው አይደለም። መስከረም ጠብቶ፣ ትምህርት ተከፍቶ፣ ዳገቱ አደይ ለብሶ፣ በየረቡዑ «የነርሚን ጉዳይ ከምን ደረሰ?» ይባል ነበር። እኔም ማክሰኞ ያየሁትን ረቡዕ እናገር ነበር፤ ጠበቃ እንዳገኘች፣ ጠበቃው እንደከዳት፣ አማቷ ለሕፃኑ እናትህ ሞታለች እንዳለችው። እንዲህ ሆኖ ድራማ የሚጸየፍ ጉባኤ ሙሉ ድራማውን ክፍል በክፍል ተከታተለ። ከወንድሞች አንዱ ሱቅ ሄዶ «አይዞዎት ጋሽ ሰይድ፣ እውነት ይወጣል» ብሎ ትከሻቸውን ቢይዛቸው፣ እሳቸው ምን እንደሆነ ሳይገባቸው «አሚን» ብለው ነበር። እማማ ዘነበች ዓርብ ዓርብ ለነርሚን ብለው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾሙ ጀመር። በሌላው ሁሉ እስቅ ነበር፤ ዓርብ ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ በራቸው ላይ ላለማለፍ በታች በኩል እዞር ነበር።

ጥር መጣ፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ጆሮ የሚቆርጥበት ወር። የድራማው መጨረሻ ማክሰኞ እንደሚታይ ስናውቅ እኔና እናቴ እራት በጊዜ ጨርሰን ጠበቅን። አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል አባቴ ካርድ ሊገዛ ወጣ፤ እሱ ከወጣ ከትንሽ ጊዜ በኋላ መብራት ጠፋ። ከመንገዱ ማዶ ያለው መስመር ሌላ ስለሆነ የጋሽ ሰይድ ሱቅ እንደ ልቡ ይበራ ነበር። ሻማ ለኩሰን፣ ነርሚን ትፈታ ትሙት ሳናውቅ ተኛን። አባቴ ያን ምሽት ከሌላው ጊዜ ሁሉ ቆይቶ ነው የተመለሰው።

በማግስቱ ለረቡዕ ጸሎት እማማ ዘነበች በእጃቸው ትንሽ ፌስታል ይዘው መጡ። ከውስጡ ቀይ የክር ኮፍያ አወጡ፣ ለሕፃን የሚሆን፣ ጆሮ የሚሸፍን። «ለነርሚን ልጅ ነው። ብርዱ እኮ ከፋ፣ አማቷ እጅ ሆኖ ማን ያስብለታል?» ብለው ለእኔ ዘረጉልኝ። ዐይናቸው ደክሞ እያለ ጥልፉን አንድ በአንድ ቆጥረው የሠሩት ነው። ልቀበል እጄን ዘርግቼ ነበር፣ እጄ እንቢ አለ።

«ነርሚን የለችም» አልኩ። «ቴሌቪዥን ላይ ናት። ድራማ ነው። ዋሽቻችኋለሁ።» ልቅሶዬ መጣ።

እናቴ ዐይኗን መሬት ላይ ተከለች። እኔ የፈራሁት የአባቴን ፊት ነበርና ቀና ማለት አልደፈርኩም። እማማ ዘነበች ኮፍያውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው እያሻሹ ጥቂት ቆዩ፤ ከዚያ «እሺ፣ ታዲያ ተፈታች ወይስ አልተፈታችም?» አሉ።

እናቴን አየሁ፣ እናቴም አየችኝ፤ ሁለታችንም አናውቅም።

«ትናንት ተፈታች» አለ አባቴ።

ሁሉም ዞሮ አየው። ዐይኑን ከደብተሩ አላነሣም። «ልጇንም ተቀበለች። አማቷ እግሯ ላይ ወድቃ ይቅርታ ለመነቻት» አለና፣ ገጽ እየገለጠ «ካርድ ልገዛ ሄጄ፣ እዚያ ተከፍቶ ነበር» ብሎ ጨመረ። እናቴ ናት መጀመሪያ የሳቀችው። ከዚያ ቤቱ በሙሉ ሳቀ፣ አባቴም በመጨረሻ በደብተሩ ፊቱን ሸፍኖ ሳቀ። ለካ ክረምትና በጋ፣ እኛ ከመንገዱ ወዲህ እሱ ከመንገዱ ወዲያ፣ ለአንዲት ሴት ስናለቅስ ኖረናል። እማማ ዘነበች ግን አልሳቁም። «ያለ ጥፋቷ የታሰረች እናት በዓለም ላይ አትጠፋም፤ ጸሎቱ ለአንዷ ደርሷል» አሉና ተንበርክከው አመሰገኑ፣ እኛም እየሳቅን ተከትለናቸው ተንበረከክን። ኮፍያውን በዚያው ሳምንት ለጋሽ ሰይድ የልጅ ልጅ ሰጡት፣ ልክ ሆነው።

ከዚያ በኋላ አባቴ ካርድ አያልቅበትም ነበር። ሦስታችንም አብረን እናይ ነበር፤ ቀይሪው የሚል ጠፋ።

እማማ ዘነበች ካረፉ ቆዩ፣ ጋሽ ሰይድም ሱቁን ለልጃቸው ትተዋል። እኔ፣ ባሌና ልጄ ዛሬ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠን በየስልካችን የየራሳችንን እናያለን። አንዱን ድራማ ሙሉውን በአንድ ቅዳሜ ጨርሼ አውቃለሁ፤ ከዚያ ውስጥ ግን እስከ ረቡዕ ስሙን የምይዘው ሰው የለም። ከሚያወሩት ውሸት ይልቅ ይህ ያሳዝነኛል።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ሱቋ በር ላይ ቆሜ ጡረታ ወጥቶ ቤት ለሚውለው አባቴ ደወልኩና ስልኩን ወደ ድምፁ አስጠጋሁለት።

«ነርሚን ናት» አለ።

«አማት ሆናለች አባ። ምራቷን በብርድ እያባረረች ነው።»

አሰብ አደረገና «ምራቷ ማን ትባላለች? ቆይ፣ ደብተሬን ላምጣ» አለኝ።